ከደርናሽ ሳጥን የጎደለች ድምፅ

ፊንታን ታርፒ ሞቶ የተገኘው ከወንድሙ ፎቶ ስር ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ። ያየው የወተት ቦቴ ሹፌር ነው። ከደርናሽ መታጠፊያ አለፍ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶ ስር፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ምሰሶው ላይ መሰላል ተደግፏል። ከመሰላሉ በላይ የኮልም ታርፒ ፖስተር አለ፤ ክራባት አስሮ ይስቃል። ዝናብ እየጣለ ነው።

"ወድቆ ነው" አለ ሳጅን ታይግ። "ምርጫው አለቀ፣ የወንድሙን ፖስተር ሊያወርድ ወጣ፣ አዳለጠው። በሰባት ቀን ካልተነሳ ያስቀጣል።"

"በምን ሊቆርጠው?" አልኩት።

"እ?"

"ፖስተሩ በአራት የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የታሰረው። አንዱም አልተነካም። ፒንሳ የለው፣ ቢላ የለው። በጥርሱ ሊበጥሰው ነው?"

ታይግ ኪሱን ፈተሸ። ቁልፍ፣ ስልክ፣ የታኘከ ማስቲካ። አጠገቡ የቆመውን የፊንታንን ፒካፕ ከፈትን። ከኋላ አስራ አንድ የኮልም ፖስተር ተደርድሯል። ማሰሪያዎቹ ጥርት ብለው ተቆርጠዋል። የፒካፑ ጣሪያ ላይ ጭቃ አለ። የቦቲ ጫማ ጭቃ።

"እያየህ ነው?" አልኩት። "አስራ አንዱንም ፒካፑ ጣሪያ ላይ ቆሞ ነው ያወረደው። መሰላል አልነበረውም።"

"ታዲያ ይሄስ?"

"ይሄ የሌላ ሰው ነው።"

ሐኪሙ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ የራስ ቅሉን ከኋላ ዳሰሰ። የሞተው እሁድ ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ። በብረት ነገር ተመትቶ።

"መውደቅ ሊሆን አይችልም?" አለ ታይግ፤ ተስፋ አይቆርጥም።

"ሁለቴ የወደቀ ከሆነ ይችላል።"

*

የታርፒዎች ቤት በጓሮ በር ነው የሚገባው። እዚህ አገር የፊት በር ለቄስና ለሬሳ ነው።

እናትየው ኡና ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ምድጃው አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ኮልም ጠረጴዛው ጋ ነው፤ ሻይ ቀድቶ አልነካውም። ትናንት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ ምክር ቤት፣ ወንበሩን ያጣ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ወንድሙን። የትኛው እንደከበደው ፊቱ አይናገርም።

አዝናለሁ አልኳቸው። ከዚያ የሚጠየቀውን ጠየቅኩ፤ አስከሬኑ ሲለቀቅ ወደዚህ ይምጣ ወይ።

"እዚህ ቤት አይገባም" አለች ኡና።

"እማዬ" አለ ኮልም።

"አይገባም አልኩ። ከቀብር አስፈጻሚው ቤት ቀጥ ብሎ ወደ ቤተክርስቲያን። እዚህ በር ላይ እንዳይቆም።"

"ልጅዎ ነው" አልኳት።

"ልጄ ነበር። ከደርናሽ ሳጥን አንዷ ድምፅ ስትጎድል መሆኑን ተወ። አንቺ አልሰማሽም እንዴ? አገር ሰምቷል።"

ሰምቻለሁ። እዚህ መራጭ ተወዳዳሪዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይደረድራል፤ በየቆጠራው ዙር አንዱ ሲወድቅ ድምፁ ለቀጣዩ ይተላለፋል። ኮልም በሰባተኛው ዙር ነው የወደቀው። በአንድ ድምፅ። ሁለቴ ተቆጠረ፤ ሁለቴም አንድ። አባቱ ሰላሳ ዓመት፣ እሱ ሃያ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ለሮሺን ኪልባን ሄደ። ደርናሽ ደግሞ የታርፒዎች ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው የምርጫ ሳጥን አርባ ሰው እንኳን አይመርጥበትም። ማን ምን እንደሰጠ ይታወቃል።

"ፊንታን መሆኑን በምን አወቃችሁ?"

ኮልም መለሰ። "ለንፋስ ኃይል ማመንጫው ድርጅት መሬቱን ሰጠ። እኔ ካውንስል ላይ ተቃወምኩ። ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገርንም።"

"ታዲያ ፖስተርህን ምን ሊያወርድ ሄደ?"

የሻዩን ኩባያ አዞረ። አላሰበበትም ነበር።

"ትናንት ከሁለት እስከ አራት የት ነበርክ?"

"ሐይቁ ጋ። መኪና ውስጥ።"

"ማን አየህ?"

"ተሸንፌያለሁ፣ ኢንስፔክተር። ማን ያየኛል?"

ስወጣ ኡና ከኋላዬ፣ "አባቱ አጠገብም እንዳይቀብሩት" አለች። "ለቄሱ ነግሬያለሁ።"

መኪና ውስጥ ታይግ ቁልፉን ከትቶ ሞተሩን አላስነሳም። "ሰጥቶት ቢሆንስ?" አለ። "ድምፁን።"

"ታዲያ በከንቱ ነው የሞተው።"

"ካልሰጠውስ?"

"ያኔም በከንቱ ነው። ንዳ።"

*

መጀመሪያ ገስ ዱርካንን ያዝን። ጎረቤት ነው። የንፋስ ኃይል ማመንጫው ከተተከለ ፊንታንን ከምሰሶው ላይ እንደሚሰቅለው በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ተናግሯል።

"ብያለሁ" አለ ገስ በግ እየሸለተ። መቀሱን አላቆመም። "ነገም እላለሁ። አሁን የምለው ሰው የለም እንጂ።"

"እሁድ ማታ?"

"ሬዲዮ ላይ ነበርኩ።"

"ምን?"

"ኪልሞራን ሬዲዮ። ስለ ምርጫው ደውሉ አሉ፣ ደወልኩ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ። ከሮሺን አጎት ጋር ተሰዳደብን። ከዚያ ሁለት ፖሊስ ደውሎ አመሰገነኝ። አንዱ ይሄ ነው።" ታይግን በአገጩ አሳየው።

ታይግ ቀላ። "ስለ አውሮፓ ፓርላማው ምርጫ ወረቀት ያለው ልክ ነበር" አለ። "ከካውንስሉ ጋር በአንድ ሳጥን የሚከተት፣ ክንድ ተኩል ወረቀት! ሃያ ምናምን ስም። መምረጫዋ ክፍል ውስጥ ለመዘርጋት ቦታ አይበቃም።"

"የአልጋ ልብስ ነው የሰጡን" አለ ገስ። "ሳጥኑ አልዋጥ ብሎት ኃላፊዋ በማስመሪያ ስትገፋ አይቻለሁ።"

ገስን ተውነው።

*

ማርቲ ታርፒ የሟቹ አባት ወንድም ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለው ምርጫ ነው፤ መጀመሪያ የወንድሙ፣ በኋላ የኮልም። በቆጠራ አዳራሹ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ ማርቲ መከለያውን ተደግፎ ይቆማል። ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን አንድ በአንድ ሲዘረጉ እሱ ደብተሩ ላይ ጭረት ያሰፍራል። ይህ ታሊ ይባላል። የሁሉም ፓርቲ ሰዎች ይሠሩታል፤ እንደ ማርቲ ግን ማንም አይሠራውም። አዳራሹ ውስጥ ውጤት ከመነገሩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ማርቲ ያውቃል።

"የጆ ሎፍተስ ልጅ" አለኝ በሩ ላይ። "አባትሽ አንድ ቀን አንደኛ ሰጥቶን አያውቅም። ሁልጊዜ ሦስተኛ።"

"በምን አወቁ?"

"በሳጥኑ።"

ልክ ነው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ለእናቴ እንኳን አልነገራትም።

"ከደርናሽ ስንት ጠብቀው ነበር?"

"ሃያ ሁለት። ቤት ለቤት ሄጃለሁ። ዓይን ዓይናቸውን አይቻለሁ።"

"ስንት ወጣ?"

"ሃያ አንድ።"

"ሌላ ሰው ዋሽቶዎት ቢሆንስ?"

በጣቱ ቆጠረልኝ። ቤት በቤት፣ ሰው በሰው። አልጋ የያዘችውን አክስት፣ በመኪና ያመጧትን፣ ሳይቀር። ሃያ አንድ ላይ ሲደርስ ጣቱን አጠፈ።

"ፊንታንስ?"

"ፊንታንን ንፋሱ ወስዶታል።"

"መሰላሉ የማን ነው?"

"የምርጫ ቅስቀሳው። ኑሮው የኔ ቫን ላይ ነው። ፊንታን ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ወሰደው።"

"ቅዳሜ? ድምፅ ሳይቆጠር ፖስተር ሊያወርድ?"

"እሱን ጠይቂው" አለኝ።

እሁድ ማታ የት እንደነበረም ነገረኝ። ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ቤቱ ገባ፣ እግሩን ያመዋል፣ ተኛ። ማንም አላየውም። እዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ማንንም አላየም።

*

ማክሰኞ ሮሺን ኪልባን ዘንድ ሄድኩ። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። መደርደሪያው ላይ የእንኳን ደስ አለሽ ካርዶች አሉ። እሷ ግን ደስ ያላት አትመስልም።

"ሰዉ እኔ የገደልኩት ይመስል ያየኛል" አለች። "ትናንት አንዲት ሴትዮ መድኃኒቷን ከሌላዋ ልጅ ካልሆነ አልቀበልም አለችኝ።"

"እሁድ ማታ?"

"ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲያዞሩኝ ነበር። ሁለት መቶ ሰው አይቷል። ፎቶም አለ። ፎቶውን አታሳዪኝ ብቻ፣ ቀሚሴ ተሰብስቧል።"

"የደርናሽን ታሊ አለሽ?"

"የሁሉንም አለኝ። ሳጥኑን ተከፋፍለን ነው የምንሠራው።"

ወረቀቱን አመጣች። ማርቲ የቆጠረው የኮልምን ብቻ ነው። የሮሺን ሰዎች የዘጠኙንም ተወዳዳሪ ቆጥረዋል። ኮልም ሃያ አንድ። እሷ ስድስት። ሌሎቹ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም። ደመርኩ። እንደገና ደመርኩ።

"ሰላሳ ሰባት" አልኳት። "የተበላሸ ነበር?"

"ከደርናሽ? አንድም።"

"ስንት ሰው ነው የመረጠው?"

"ቆይ።" ስልኳን አየች። "በሩ ላይ የተቀመጠችው የኛ ሰው የመረጠውን ሁሉ ከዝርዝሩ ላይ እየሰረዘች ነበር። ሰላሳ ስምንት።"

ሁለታችንም ወረቀቱ ላይ አጎነበስን። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ የሳል ሽሮፕ እየጠበቀ ነው።

"አንድ ይጎድላል" አለች ሮሺን።

"ሁሉም ሰው ድምፅ የጎደለው ከኮልም ነው ይላል። ማንም ከሳጥኑ ነው አላለም።"

"ማርቲ የሳጥኑን ድምር አልጠየቀም?"

"ማርቲ የራሱን ነው የሚቆጥረው።"

ለምርጫ ኃላፊው ደወልኩ። አልተገረመም። "ይጎድላል" አለ። "ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይጎድላል። ሰው ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። የቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ይሁን ምን ይሁን እንጃ።"

"ማን እንደወሰደው ማወቅ ይቻላል?"

"ድምፅ ምስጢር ነው፣ ኢንስፔክተር።"

ደርናሽ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣ ይስቁበታል።

*

ታይግ የሰፈሩን ጋዜጣ ይዞ ቢሮዬ ገባ። ተቆጥቷል። ታይግ ሲቆጣ የሚያየው ነገር ይጨምራል።

"ገጽ ሦስት" አለኝ።

ኮልም ነው። እሁድ፣ ምሽት አንድ ሰዓት፣ የአዳራሹ መኪና ማቆሚያ። ፊቱን በእጁ ሸፍኗል።

"እሱን አይደለም። ከኋላው።"

ከኋላው ነጭ ቫን አለ። የማርቲ ቫን። ጣሪያው ላይ መሰላል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ ምሰሶው ላይ ባገኘነው መሰላል ጫፍ ላይ ያለው ያው ጨርቅ ነው።

"ቅዳሜ ወሰደው አላለም?" አለ ታይግ።

"ብሏል።"

"አባቴን የቀበረው እኮ ማርቲ ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው።"

"ታይግ። ቁልፉን አምጣ።"

ማርቲ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ቫኑን ክፈትልን ስንለው አልተከራከረም። የሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ፒንሳ አለ። ጥርሱ ላይ የጥቁር ፕላስቲክ ፍቅፋቂ ተጣብቋል።

"የኔ ነው" አለ። "ለፊንታን አውሼው ነው።"

"መቼ መለሰልዎት?"

ማርቲ ፒንሳውን አየው። የራሱ ዕቃ ነውና መሬት ላይ ጥሎት መሄድ አልቻለም። መሰላሉን ግን ጥሎ ሄደ፤ እሱ የምርጫ ቅስቀሳው ነው።

ጣቢያ ውስጥ ጠበቃ አልፈልግም አለ። ሻይ ጠየቀ። ሁለት ስኳር።

"መንገድ ላይ አገኘሁት" አለ። "የኮልምን ፎቶ ሊያወርድ ሲል። ቆምኩ። ለምን አደረግከው አልኩት። ምኑን አለኝ። አንዷን ድምፅ አልኩት። ሰጥቻለሁ አለ። አንደኛ ብዬ ነው የሰጠሁት፣ ብንጣላም ወንድሜ አይደል፣ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ሳጥኑ እንደዚያ አይልም አልኩት። ሳቀ። 'ታሊህ ተሳስቷል፣ ማርቲ' አለና ሳቀ። አርባ ዓመት ነው። አርባ ዓመት ማንም ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም። ጀርባውን ሰጠኝ። የክሪኩ ብረት ወንበሬ ስር ነበር።"

"መሰላሉን በኋላ አቆሙት።"

"ወድቆ ነው እንዲባል። ኡና አንዱ ልጇ ሌላውን ሸጠ ከሚባል፣ ወድቆ ነው ቢባል ይሻላታል ብዬ።"

የሮሺንን ወረቀት ፊቱ ዘረጋሁት። ሰላሳ ሰባት። ከጎኑ ሰላሳ ስምንት ጻፍኩ። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ማርቲ ከማንም በላይ ቁጥር ያነባል።

ጣቱን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው አስኬደ።

"ታሊው አልተሳሳተም" አለ።

"አልተሳሳተም። ሃያ አንድ ነበር፣ እርስዎም ሃያ አንድ አሉ።"

"እሱ ነው ወረቀቱን ይዞ የወጣው። ፊንታን። አይደል? ኪሱ ከቶት ወጥቶ ነው። በይ እንጂ!"

"አላውቅም።"

"እሱ ነው" አለ ማርቲ። ሻዩ በረደ። "እሱ መሆን አለበት።"

ታይግ ተነስቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ሲመታ ሰማሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

*

ሐሙስ ጠዋት የምርጫ ኃላፊው ራሱ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል።

የአውሮፓው ምርጫ የሚቆጠረው ሌላ ከተማ ነው፤ ሳምንት ይፈጃል። ረጃጅሞቹን ወረቀቶች እኛ ጋ ሰው በጥድፊያ እንደታጠፉ ነው የቆጠራቸው። የዘረጋቸው የለም። እዚያ ሲዘረጉ፣ የደርናሽ ስም ከተለጠፈበት እሽግ፣ ከአንዱ የአልጋ ልብስ እጥፋት ውስጥ ትንሿ ወረቀት ወደቀች። የካውንስሉ ወረቀት። ሰውየው ሁለቱን አንድ ላይ አጥፎ ነው የከተታቸው።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ታርፒ፣ አንድ። ሌላ ምንም የለበትም።"

ሃያ ሁለት። ማርቲ ዓይናቸውን ያያቸው ሃያ ሁለቱም ቃላቸውን ጠብቀዋል። የዋሸ የለም።

"ቀድሞ ቢገኝ ኖሮስ?"

ተነፈሰ። "እኩል ይሆኑ ነበር። እኩል ሲሆኑ በመጀመሪያው ዙር የበለጠው ያልፋል። ኮልም ይበልጥ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ታውጇል። ፍርድ ቤት ካልሄደ ለኔ ያለቀ ነው።"

ሰዓቴን አየሁ። ሬሳው ከቀብር አስፈጻሚው ቤት አራት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። መንገዱ በታርፒዎች ደጅ ነው። ታይግን ሳልጠራ መኪናዬን አስነሳሁ።

በጓሮ ገባሁ። ኡና ከምድጃው አጠገብ፣ በዘወትር ልብሷ። ኮልም ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ይሄዳል አይሄድም እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ቆሜ ነገርኳቸው። አሳጥሬ። ወረቀቱን፣ እጥፋቱን፣ ሃያ ሁለቱን። ፊንታን ለማርቲ ያለውን።

"'ወንድሜ አይደል' ነው ያለው" አልኩ። "ማርቲ ራሱ ነው የነገረኝ።"

ኮልም ጠረጴዛውን ያዘ።

"አሁን ያልፋሉ" አልኩ። "ቁሙ ብላችሁ ካስቆማችኋቸው ይቆማሉ። ቤቱ ይግባ። አስር ደቂቃም ቢሆን።"

ኡና እኔን አላየችም። ምድጃውን ነው የምታየው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ቁጥር ነው።

"እኩል ይሆኑ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"በመጀመሪያው ዙር ኮልም ይበልጣታል። በሰማንያ ይበልጣታል።"

"ወይዘሮ ታርፒ—"

"እንግዲያው ወንበሩ የኛ ነው።" ዞረች። ከሰኞ ወዲህ ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ የመጀመሪያው ነው። "ኮልም። ጠበቃው ዘንድ ደውል። ዛሬውኑ። ስልክ ቁጥሩ መሳቢያው ውስጥ ነው።"

ውጪ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ጥቁሯ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለች፤ ቀስ እያለች። ከኋላዋ ሦስት መኪና ብቻ።

ኮልም ወደ ፊት በሩ ሮጠ። መወርወሪያውን ሳበ። በሩ አልተነቃነቀም። የአባታቸው ሬሳ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አልተከፈተም፤ እርጥበት አሳብጦታል። በሁለት እጁ ሳበ፣ በእግሩ ደግፎ ሳበ። እኔም አብሬው ያዝኩ።

"ኮልም" አለች ኡና ከኋላ። መሳቢያውን ከፍታ እየበረበረች ነው። "መነጽሬን አጣሁት። ቁጥሩን ና አንብብልኝ።"

በመስኮቱ አየሁ። መኪናዋ ደጃፉ ጋ ስትደርስ ልትቆም ምንም አልቀራትም ነበር። ሹፌሩ በሩን አየ። ዝግ ነው። እንደታዘዘው ነዳጅ ሰጥቶ አለፈ።